የዳኛው የዌይቲስ ዌሪንግ ታሪክ

ሚዛን የያዘ ነጋዴ ለዘመዱም ለባዕድም እኩል መመዘን ይገባዋል። ዳኛም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን የዳኛን ሚዛን የሚያዛባ ጉቦ ብቻ አይደለም፤ ፍቅርም፣ ፍርሃትም፣ ከልጅነት ጀምሮ የለመዱት ልማድም ያዛባዋል። ጉቦን የሚጠላ ዳኛ በየአገሩ ይገኛል፤ የገዛ ወገኑን ልማድ መርምሮ፣ በደል ሆኖ ባገኘው ጊዜ በደል ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ በአሜሪካ አገር የነበረ ዌይቲስ ዌሪንግ የሚባል ዳኛ ነው።

ዌሪንግ በ1880 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቻርልስተን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ያማረች የወደብ ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን ከአፍሪካ ተይዘው በመርከብ የተጫኑ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚህች ወደብ ወርደው እንደ ከብት ተሸጠዋል። የደቡብ ግዛቶች ባርነትን አንለቅም ብለው ከመንግሥቱ በተለዩ ጊዜ ከሰሜኖቹ ጋር ጦርነት የተጀመረው በ1861 ዓ.ም. በዚሁ ወደብ ነበረ። የዌሪንግ የቀድሞ ዘመዶች ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ አባቱም ለደቡብ ወገን የተዋጋ ወታደር ነበረ።

ጦርነቱ በ1865 ዓ.ም. በሰሜኖቹ ድል ሲፈጸም ባሮቹ ሁሉ ነጻ ወጡ። ቀጥሎም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ፣ በመልኩም ምክንያት ማንም ከምርጫ እንዳይከለከል በሕገ መንግሥቱ ላይ ተጻፈ። ነገር ግን በመጽሐፍ የተጻፈው በአገር ላይ አልተፈጸመም። ጥቂት ዘመን ቆይቶ የደቡብ ነጮች ጥቁሩን ሰው ከነጩ የሚለይ ሕግ አወጡ። ትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ የባቡሩ ወንበር ለየብቻ፣ የሚጠጣው ውሃ እንኳ ለየብቻ ሆነ። በ1896 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለሁለቱም ወገን የሚሰጠው እኩል እስከ ሆነ ድረስ መለያየቱ ሕግን አይጥስም ብሎ ፈረደ። መለያየቱ ተፈጸመ፤ እኩልነቱ ግን አልመጣም።

ዌሪንግ በዚህ ልማድ ውስጥ አደገ። በ1900 ዓ.ም. ከቻርልስተን ኮሌጅ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ሕግም አጥንቶ በ1902 ዓ.ም. ጠበቃ ሆነ። ከ1914 እስከ 1920 ዓ.ም. የመንግሥት ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠራ፤ ኋላም ለብዙ ዓመት የከተማው አስተዳደር ጠበቃ ሆነ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ንግግሩ የታረመ፣ በትልልቅ ሰዎች ቤት የሚጋበዝ ሰው ነበረ። ጥቁሮች ስለሚደርስባቸው በደል ግን እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ዝም ይል ነበር። ዐይን ከልጅነቱ ጀምሮ ያየውን ነገር እንደ ተፈጥሮ ይቆጥረዋልና፣ የዌሪንግም ዐይን እንደዚሁ ሆኖ ነበር።

በ1942 ዓ.ም. ዌሪንግ የፌዴራል ዳኛ ሆነ። ዕድሜው 61 ዓመት ነበረ። አሜሪካ ከብዙ ግዛቶች የተባበረች አገር ስለ ሆነች እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤት አለው፤ ከዚህም ሌላ የጠቅላላው መንግሥት ፍርድ ቤት አለ፤ ፌዴራል የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ የፌዴራል ዳኛ ከሳሽንና ተከሳሽን ፊት ለፊት ያያል፣ ምስክር ይሰማል፣ ማስረጃ ይመረምራል። ከርሱ በላይ ያሉት ዳኞች ግን ይግባኝ የተባለበትን ነገር ከመዝገቡ ተመልክተው ይፈርዳሉ። እንዲህ ያለውን ዳኛ ሕዝብ አይመርጠውም፤ ፕሬዚዳንቱ ይሰይመዋል፣ ሴኔት የሚባለውም ምክር ቤት ያጸድቅለታል። ዌሪንግን የሰየመው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። ዳኛው ከባድ ጥፋት ካላደረገ ዕድሜውን ሙሉ አይሻርም፤ ደመወዙም አይቀነስበትም። ይህ የተደረገው ማንንም ሳይፈራ እንዲፈርድ ነው። ነገር ግን ሕግ የዳኛን ወንበርና ደመወዝ ይጠብቅለታል እንጂ ወዳጆቹን ሊጠብቅለት አይችልም።

በ1944 ዓ.ም. ቪዮላ ዱቫል የምትባል የቻርልስተን አስተማሪ ለፍርድ ቀረበች። ጥቁር ስለ ሆነች ብቻ ደመወዝዋ እንደርስዋ ከተማሩት ነጮች ደመወዝ ያነሰ ነበረ። ጠበቃዋ ተርጉድ ማርሻል ነበረ፤ ይህም ሰው ኋላ በ1967 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኗል። ዌሪንግ ሕጉን ተመለከተ፤ ነገሩንም ሳያስረዝም ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈል ብሎ ፈረደ።

በ1945 ዓ.ም. ዌሪንግ ከ30 ዓመት በላይ አብራው ከኖረችው ሚስቱ ተፋታና ኤሊዛቤት የምትባል የሰሜን አገር ሴት አገባ። በደቡብ ካሮላይና በዚያን ጊዜ ፍቺ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ የተፋቱት በሌላ ግዛት ነው። በዚህ ነገር የከተማው ትልልቅ ሰዎች ተቀየሙት። ከዚያ በኋላ የመጣበት ጥላቻ ሁሉ በፍርዱ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ስለማይቻል ይህም ሊታወቅ ይገባል።

በ1946 ዓ.ም. በየካቲት ወር አይዛክ ውዳርድ የሚባል ጥቁር ወታደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎ፣ በክብር ተሰናብቶ፣ የወታደር ልብሱን እንደ ለበሰ በአውቶቡስ ወደ ሚስቱ ይሄድ ነበር። በመንገድ ላይ ለመጸዳጃ ጥቂት እንዲቆምለት ነጂውን ስለ ጠየቀ ሁለቱ በቃል ተጣሉ። ቆይቶም ነጂው በአንድ ትንሽ ከተማ አቁሞ ፖሊስ ጠራበት። የፖሊሱ አለቃ ወታደሩን ዐይኑ ድረስ በዱላ ደበደበው። በማግስቱ ለሰው ሁሉ ነጋ፤ ሁለት ዐይኖቹን ላጣው ለውዳርድ ግን አልነጋለትም።

ይህ በደል በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማንም በሰማ ጊዜ እጅግ ተቆጣ። የፖሊሱ አለቃ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰና በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በኮሎምቢያ ከተማ በዌሪንግ ፊት ቀረበ። በአሜሪካ ሥርዓት እንዲህ ባለ ክስ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑ ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። ነጻ ነው ካሉ ዳኛው ቃላቸውን ሊለውጥ አይችልም። በዚያን ቀን የተቀመጡት 12ቱም ነጮች ነበሩ። የመንግሥት ጠበቆችም ምስክር ለመፈለግ አልተጉም። 12ቱ ሰዎች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመልሰው አለቃው ነጻ ነው አሉ። ኤሊዛቤት አለቀሰች። ዌሪንግም በገዛ ችሎቱ የተደረገውን አይቶ አፈረ፤ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ፍርድ ከፊቱ አምልጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ስለ ጥቁሮች ኑሮ የተጻፉ መጻሕፍት ያነቡ ጀመር። ከነዚህም አንዱ ጉናር ሚርዳል የሚባል የስዊድን ሊቅ በ1944 ዓ.ም. ያወጣው ትልቅ ጥናት ነበረ። ዌሪንግ 66 ዓመት ሲሆነው እንደ ተማሪ ተቀምጦ፣ በደጁ ሲደረግ የኖረውን ነገር ከመጽሐፍ ተማረ። ዐይኖቹ የጠፉት ወታደር የዳኛውን ዐይን ከፈተ።

ብዙ ጊዜ ሳይቆይ የምርጫ ነገር መጣ። በዚያን ዘመን በደቡብ ካሮላይና ኀይል የነበረው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብቻ ስለ ነበረ ፓርቲው ዕጩዎቹን የሚለይበት ቀዳሚ ምርጫ እንደ ዋና ምርጫ ይቆጠር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 ዓ.ም. ጥቁሮችን ከቀዳሚ ምርጫ ማስወጣት ክልክል ነው ብሎ በፈረደ ጊዜ የግዛቱ ሹማምንት ብልሃት ፈለጉ። ስለ ቀዳሚ ምርጫ የተጻፈውን የግዛቱን ሕግ ሁሉ ሰረዙና፣ ፓርቲው የግል ማኅበር ነው፤ የግል ማኅበርም የወደደውን ያስገባል፣ ያልወደደውን ይመልሳል አሉ። ጆርጅ ኤልሞር የሚባል የኮሎምቢያ ጥቁር ነጋዴ ከሰሳቸው። ዌሪንግ በ1947 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ይህ ብልሃት ሕጉን ለማምለጥ የተሠራ ሽፋን መሆኑን ገልጾ ጥቁሮች ይምረጡ ብሎ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርቲው ሌላ ብልሃት አመጣ፤ መራጩ ሁሉ የጥቁርንና የነጭን መለያየት እደግፋለሁ ብሎ ይማል አለ። ዌሪንግ ይህንም ከለከለ፤ ትእዛዙን የሚጥስ ሹም በገንዘብ ሳይሆን በእስራት እንደሚቀጣ አስጠነቀቀ። በ1948 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በተደረገው ቀዳሚ ምርጫ ከ30,000 በላይ ጥቁሮች ድምፃቸውን ሰጡ። ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው ኤልሞር ግን ስለ ክሱ ንግዱ ተሰበረበት።

ዌሪንግ በችሎቱም ውስጥ ያለውን ልማድ ለወጠ። ቀድሞ ጥቁሮችና ነጮች በችሎት ውስጥ ለየብቻ ይቀመጡ ነበር፤ እርሱ ይህን አስቀርቶ ሁሉም እንደ መጣ እንዲቀመጥ አደረገ። ለችሎት አስከባሪነትም አንድ ጥቁር ሰው ሾመ።

በዚህም ጊዜ የከተማው ሰው ፊቱን አዞረበት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች በመንገድ ሲያዩት ሰላምታ ነሡት። ቤቱ የሚመጣ ነጭ እንግዳ ጠፋ። ማታ ማታ በስልክ የሚሰድቡትና የሚዝቱበት በዙ፤ ከሥልጣኑም እንዲሻር ብዙ ሰዎች ፊርማ ሰበሰቡ። በ1950 ዓ.ም. በቤቱ አጠገብ መስቀል አቃጠሉ፤ ይህም ጥቁሮችንና ወዳጆቻቸውን ለማስፈራራት የሚደረግ ምልክት ነበረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ማታ ባልና ሚስቱ በቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገባ። ከዚህ በኋላ መንግሥት ጠባቂ ሰጠው። ነጮቹ በራቸውን በዘጉበት ጊዜ ዌሪንግ በሩን ለጥቁሮች ከፈተ፤ እንደ አስተማሪዋ እንደ ሴፕቲማ ክላርክ ያሉትን ሰዎች በማዕዱ ተቀበለ። በቻርልስተን ለትልቅ ቤት ልጅ ይህ ከፍርዱ ሁሉ የባሰ ነውር ሆኖ ተቆጠረ።

ከቻርልስተን በስተሰሜን ክላረንደን የሚባል የእርሻ አገር አለ። በዚያ የነጮቹን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱ 30 አውቶቡሶች ነበሩ፤ ለጥቁሮቹ ልጆች ግን አንድ እንኳ አልነበረም። ብዙዎቹ ልጆች በዝናብም በብርድም በእግራቸው ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። በ1949 እና በ1950 ዓ.ም. በነበረው የትምህርት ዘመን መንግሥት ለአንድ ነጭ ልጅ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ልጅ 43 ዶላር ያወጣ ነበር። የጥቁሮቹ ወላጆች በመጀመሪያ የለመኑት አንድ አውቶቡስ ነበረ። እርሱንም በተከለከሉ ጊዜ ጆሴፍ ዲሌይን የሚባል አስተማሪና ሰባኪ እየመራቸው ከሰሱ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር እንደሚባለው፣ እነርሱም ዳኛ ሲያገኙ ተናገሩ። የተናገሩበትን ዋጋ ግን ከፈሉ። በክሱ ላይ ስሙ በመጀመሪያ የተጻፈው ሃሪ ብሪግስ ከሥራው ተባረረ፤ ሚስቱም ሥራዋን አጣች፤ የዲሌይንም ቤት ተቃጠለ።

ጠበቃቸው ተርጉድ ማርሻል በመጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹ እኩል ይሁኑ ብሎ ከሶ ነበር። ዌሪንግ ግን ክሱ ታድሶ መለያየቱን ራሱን እንዲነካ መከረው። እንዲህ ያለውን ክስ በሕጉ መሠረት ሦስት ዳኞች አብረው መስማት ነበረባቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ዌሪንግ ሆነ። በ1951 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነገሩ በቻርልስተን በተሰማ ጊዜ ጥቁሮች ከሩቅ አገር መጥተው የችሎቱን ቤትና ደጁን ሞሉት። ኬኔት ክላርክ የሚባል የሥነ ልቡና ምሁር ለጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አሳይቶ የትኛው መልካም ነው ብሎ እንደ ጠየቃቸው፣ ብዙዎቹም ልጆች ነጩን መልካም፣ በመልክ እነርሱን የሚመስለውን ጥቁሩን ግን መጥፎ እንዳሉ መሰከረ።

ሁለቱ ዳኞች፣ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ይሻሻሉ እንጂ መለያየቱ ሕግን አይጥስም ብለው ፈረዱ። ዌሪንግ ግን ከእነርሱ ተለይቶ የልዩነት ሐሳቡን ብቻውን ጻፈ። ልጆችን በመልካቸው ምክንያት መለየት ራሱ አለመተካከል መሆኑን፣ ይህም ክፉ ትምህርት የሚጀምረው በትንሽነት ስለ ሆነ ከዚያው ከትንሽነት ነቅሎ መጣል የሚገባ መሆኑን አስረዳ። በዚያን ቀን ቃሉ የአንድ ሰው ቃል ነበረ፤ ለክላረንደን ልጆችም አንዳች አልጠቀማቸውም። የተረታ ሐሳብ ሆኖ በመዝገብ ተቀመጠ።

በ1952 ዓ.ም. የዳኝነቱ 10 ዓመት በተፈጸመ ጊዜ ዌሪንግ ጡረታ ወጣ፤ ከሚስቱም ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። 71 ዓመት የኖረባትን ከተማ ሲለቅ ከወዳጆቹ የቀሩት ጥቂት ነበሩ።

የክላረንደን ክስ ግን በይግባኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጥቶ ከሌሎች ግዛቶች ከመጡ ክሶች ጋር አብሮ ተሰማ። በ1954 ዓ.ም. ግንቦት 17 ቀን ዘጠኙ ዳኞች ሁሉ በአንድ ቃል፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት ጥቁርን ከነጭ መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዳኛ ብቻውን የጻፈው አሳብ የአገር ሕግ ሆነ።

ዌሪንግ በ1968 ዓ.ም. በጥር ወር በኒው ዮርክ ሞተ፤ ዕድሜው 87 ዓመት ነበረ። በቻርልስተን ተቀበረ። ለቀብሩ የመጡት ነጮች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ጥቁሮች ግን 200 ያህል ሆነው ሸኙት። በሕይወቱ ሳለ የዘጋችበት ከተማ በሞቱም ቀን በርዋን ሙሉ በሙሉ አልከፈተችለትም።

ብዙ ዘመን አለፈ። በ2014 ዓ.ም. በቻርልስተን በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ግቢ ለዌሪንግ ሐውልት ቆመለት። የፍርድ ቤቱ ሕንጻ በዚያን ጊዜ የሚጠራው በፍሪትዝ ሆሊንግስ ስም ነበረ፤ እርሱም የግዛቱ ገዢና ለብዙ ዓመት ሴናተር የነበረ ሰው ነው። ሆሊንግስ በሕይወቱ ሳለ ስሜ ከሕንጻው ይውረድና የዌሪንግ ስም ይጻፍበት ብሎ ጠየቀ። በ2015 ዓ.ም. እንዳለው ተደረገ። ስምን ከድንጋይ ላይ እንዲፍቁለት የሚለምን ሹም ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ በዚያ ሕንጻ ላይ የሁለት ሰዎች ክብር ተጽፏል ማለት ይቻላል።

በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታሳዝናለች ይባላል። የክላረንደን ወላጆች የለመኑት አንድ አውቶቡስ ነበረ፤ የሚያሳዝነው ግን የአውቶቡሱ ማነስ ሳይሆን የፍርዱ መታጣት ነበረ። ዌሪንግ ይህን ለማየት ዘገየ። ከ60 ዓመት በላይ በደሉ በፊቱ እያለፈ አላየውም ነበር። ባየ ጊዜ ግን ዐይኑን መልሶ አልጨፈነም። ሰው ባለማየቱ ከሚወቀሰው ይልቅ፣ ካየ በኋላ እንዳላየ በመሆኑ የሚወቀሰው ይበልጣል። ወዳጅ ያጣ ሰው ሌላ ወዳጅ ሊያገኝ ይችላል፤ ፍርድን ያጣ ዳኛ ግን ከወንበሩ በቀር አንዳች አይቀረውም።